ደብረ ብርሃን የማንም ጓሮ አይደለችም፦ «የሀብታሞች አዲስ ሰፈር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው፤ «ከተማችሁ ተመሰገነች» ብሎ ነው የላከው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ምስጋናው አልታየኝም።

ጽሑፉ ደብረ ብርሃንን «የአዲስ አበባ ሀብታሞች አዲስ ሰፈር» ይላታል። ጸሐፊው መጥተው ሁለት ቀን ቆይተዋል፤ ያዩትንም በሚያምር ቋንቋ ጽፈዋል። በክፋት እንዳልጻፉት ይገባኛል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ኢንቨስተር እስኪመጣ ድረስ የደሴ መኪና ለምሳ የሚቆምባት ጣቢያ ነበረች፤ ይህ ነው የሚባል ታሪክ የላትም። አሁን ግን የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ሆናለች። ፋብሪካውና ቪላው ሀብታም ከተማ አድርጓታል። ሕዝቡ እንደ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከተማዋም የራሷ መልክ የላትም። ስለዚህ አሮጌው ሰፈር ቶሎ ተነሥቶ ለአዲሱ ቦታ ቢለቅ ይሻላል።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። የሠፈራችን ልጆች ራሳቸው ጽሑፉን በኩራት ሲያጋሩት ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ታሪክ የላትም» የሚለው ነው በጣም የከነከነኝ፤ እሱ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጊዜው 1440ዎቹ ዓ.ም. ነው። ንጉሡ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ለቀናትም ቆየ። የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። አንዳንድ የታሪክ አጥኚዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ኮከብም ይሁን ተአምር፣ ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ድንኳን ተክለው፣ ድንኳን ነቅለው የሚዞሩ ነበሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ግን እዚህ ቤተ መንግሥት አሠርተው ተቀመጡ። የመጨረሻ ዘመናቸውን፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚሆነውን፣ በአብዛኛው ያሳለፉት በዚህች ከተማ ነው። በ1460 ዓ.ም. ያረፉትም እዚሁ ነው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። መሃሉ ከ400 ዓመት በላይ ነው።

ታሪኩን ካነሣሁ ደግሞ መልካም መልካሙን ብቻ ቆርጬ ማቅረብ አልፈልግም። ብርሃኑ የታየው ከደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማለትም ከአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት መካከል የተወሰኑት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ በኋላ ነው። ንጉሡም ብርሃኑን ፍርዴ ትክክል እንደሆነ ማረጋገጫ ነው ብለው ወሰዱት። ልጅ ሳለን ይሄ አይነገረንም ነበር፤ የሚነገረን ብርሃኑ ብቻ ነው። እኔ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ስሰማም አዝኛለሁ። ነገር ግን ታሪክ የሌላት ከተማ እንዲህ ያለ ሸክም አይኖራትም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ነገር አለ። ከተማዋ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ ሳታቋርጥ ደምቃ ኖራለች ብል እዋሻለሁ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም አልተቀመጡባትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፤ አካባቢው ተጎዳ። ለረጅም ዘመን ተዳክማለች። ጸሐፊው «በመሃል ተረስታ ነበር» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር።

እሳቸው ያሉት ግን «አልነበረችም» ነው። የሸዋ ነገሥታት ሲነሡ እንደገና ስሟ ይመጣል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን እያፈራረቁ ይቀመጡባቸው ነበር። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። አንጎለላ ማለት ጫጫ አጠገብ ነው፤ ጸሐፊው ሲመጡ በመኪና ያለፉበት አገር። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ በኋላ ከተማ ካደረጓቸው ቦታዎች አንዱ ልቼ ነው። ልቼም ከደብረ ብርሃን እልፍ ብሎ ያለ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የታረቁት እዚያ ነው። የልቼ ስምምነት የሚባለው እሱ ነው። እንጦጦ የወጡት፣ ከዚያም አዲስ አበባ የወረዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዲስ አበባን ያቆመው መንግሥት የተፀነሰውም ያደገውም በእነዚህ ብርዳም ሜዳዎች ላይ ነው። ልጅ እናቷን «ዳር ሰፈሬ ናት» ስትል ያሳዝናል።

አንዲት ትንሽ እርማት ላስገባ። ከጽሑፉ ጋር የተለጠፈው፣ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላው የቤተ ክርስቲያን ፎቶ የእኛ አይደለም። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ግን የእኛውን ሥላሴ አይተውት ቢሆን ፎቶው ባልተሳሳተ ነበር።

«የመኪና ማቆሚያ» ስለሚለውም ልናገር። አዎ፣ መኪና ይቆማል። የደሴ፣ የወልድያ፣ የመቀሌ መንገድ በመሃላችን ያልፋል። አባቴ ሻይ ቤት ነበረው፤ እኔን ያሳደገኝ ያ መንገድ ነው። በመንገድ ዳር መኖር የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ይኼው መንገድ ደግሞ የሚነገር ታሪክ አለው። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ በገባ በዋዜማው፣ ጫጫ አካባቢ አድፍጠው የመቱት ኃይለ ማርያም ማሞ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተዋል፣ መዲናዋ ልትያዝ አንድ ቀን ቀርቷታል፣ እሳቸው ግን እዚህ መንገድ ላይ ቆመው ይዋጋሉ። ከተማችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። እኔም እዚያ ተምሬያለሁ። ጸሐፊው በበሩ ሳያልፉ አይቀሩም።

ኢንቨስተር ሳይመጣ ምንም አልነበረም የሚለውን ደግሞ ቁጥር ይመልስልኝ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ38 ሺህ በላይ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከ65 ሺህ በላይ ሆነ። በ12 ዓመት ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ያኔ የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ የለም። የዳሸን ቢራ የደብረ ብርሃን ፋብሪካም የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩም የለም። ታዲያ ሰው ምን ፍለጋ መጣ? የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ነበረ። የመምህራን ማሠልጠኛው ነበረ። የበግ እርባታውና የግብርና ምርምሩ ነበረ። ዩኒቨርሲቲውም በ1999 ተከፈተ። ፋብሪካዎቹ ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቁም። መንገድ፣ የገብስ አገር፣ የተማረ ወጣት አይተው ነው የመጡት።

ወደ ሁለተኛው፣ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ናት ወደሚለው እንለፍ። ይሄኛው ብዙ አያከራክርም። ዳር ሰፈር የሚባለው ሰው ጠዋት ወደ ትልቁ ከተማ ለሥራ ወጥቶ ማታ ለእንቅልፍ የሚመለስበት ቦታ ነው። ለገጣፎ እንዲያ ነው፤ ሰንዳፋም እየሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መሃል ላይ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ አሉ። ማን ነው በየቀኑ ይህን ተመላልሶ የሚሠራ? እዚህ የሚኖር ሰው እዚሁ ይሠራል። የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ፣ የአንኮበር ሰው ለሆስፒታል፣ ለፍርድ ቤት፣ ለትምህርት የሚመጣው ወደዚህ ነው። ደብረ ብርሃን የራሷ ዳር አላት፤ ለሰሜን ሸዋ ገጠር መሃል እሷ ናት። የአማራ ክልል መንግሥትም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሪጂዮፖሊታን ከተማ ብሎ ደረጃዋን ከፍ ያደረገው ዙሪያዋን ስለምታገለግል ነው።

አዲስ አበባ አትነካንም ማለቴ አይደለም። የቦታው ዋጋ የናረው በአብዛኛው ከዚያ በመጣ ገንዘብ ነው። ቅዳሜ የሚመጡ፣ እሑድ የሚመለሱ ባለ ቪላዎች አሉ። ጸሐፊው ያረፉትም እነሱ ዘንድ ይመስለኛል፤ የጻፉት ሁሉ የእነሱን ሰፈር ነውና። እነሱም ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ እንኳን ደህና መጡ። ከተማዋ ማለት እነሱ ናቸው ሲባል ነው የማልስማማው።

አሁን ወደ ሀብቱ ልምጣ። ጽሑፉ «እዚህ ድህነት ታሪክ ሆኗል» ይላል። ይህን ሳነብ ደረቴን ነው የመታኝ።

ፋብሪካው ሥራ ፈጥሯል። አልክድም፤ ታናሽ እህቴም ሠርታለች። ሁለት ዓመት ሠርታ የወጣችው ግን ደመወዟ የቤት ኪራይና እንጀራ ከሸፈነ በኋላ ለሳሙና ስለማይተርፍ ነው። እናታችን ከቤት እህል ስትልክላት ነበር የከረመችው። ከአንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሆነው የሚኖሩ ሠራተኛ ልጆች በየሰፈሩ ሞልተዋል። በፋብሪካው አጥር ውስጥ ያለው ማሽን ሚሊዮኖች ያወጣ ይሆናል፤ ማሽኑ የሚያድረው ግን ከእነሱ ጋር አይደለም። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። የፈረቃው ቀን ካመለጠሽ ጀሪካን ተሸክመሽ ጎረቤት መዞር ነው።

ተፈናቃዮቹስ? ከወለጋና ከሌላም ቦታ ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ዓመታት ቆጥረዋል። ቻይና ካምፕ የሚባለውን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ በሸራ ሥር ሕፃን ይዞ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሌሊት ያደረ ያውቀዋል። ጸሐፊው ስለ ከተማዋ ሁለት ሺህ ቃል ሲጽፉ ስለእነዚህ ሰዎች አንዲት ቃል የላቸውም። ከሁሉም በላይ የማልቀበለው ይሄንን ነው። ሌላውን ስሕተት በአለማወቅ ነው እላለሁ። ይሄኛው ግን ዐይን እያየ ነው የታለፈው።

«ሕዝቡ እንደ አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ለሚለው፣ ግማሹን ልመንላቸው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሰው ተከናንቦ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሄደው። ሰላምታውም አጠር ይላል። ለእንግዳ ኩርፊያ ሊመስል ይችላል።

ይህ ብርድ ግን ነው የራሳችንን መልክ የሰጠን። የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ ባና የሚሆነው፣ በርኖስ የሚሆነው በዚህ ብርድ ምክንያት ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው በዕድል አይደለም። እናቶቻችን ኩበት የሚያነዱት፣ በሶው፣ ቆሎው፣ የገብስ ጠላው፣ ስሙ በየአገሩ የሚነሣው አረቄያችን፣ ሁሉም ከዚህ ብርድና ከዚህ ገብስ የመጣ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው በረድፍ ይቀመጣሉ። ፀሐይ መሞቅ ነው። የከተማው ወሬ ሁሉ የሚወራው፣ ብዙ ጠብ የሚበርደው እዚያ ነው። ጸሐፊው በሆቴሉ በረንዳ ሆነው አይተዋቸው ይሆናል፤ ጽሑፉ ላይ «ሥራ ፈት አዛውንቶች» ብለዋቸዋል። ወርደው አጠገባቸው ተቀምጠው ቢሆን ቦታ ይለቁላቸው ነበር።

ተማሪዎቹን አለማንሣታቸውም ገርሞኛል። ይህች ከተማ የተማሪ ከተማ ናት። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከየገጠሩ ልጆች እየመጡ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይማራሉ። በገበያ ቀን ስንቅ ይመጣላቸዋል፤ እንጀራው በአገልግል፣ በሶው በከረጢት። የቤት አከራይ እናቶች ልጆቹን እንደ ልጃቸው ነው የሚቆጡት፣ ሲታመሙም የሚያስታምሙት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተማሪ አከራይታለች። ዛሬ ሐኪም የሆነ፣ መምህር የሆነ ሁሉ ለፋሲካ ይደውልላታል። ኪራይ ሳይከፍል ወር ያለፈበትን ልጅ አንድ ቀን ስታስወጣ አላየሁም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ የሆነውንም ላስታውስ። ከወሎ፣ ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢት ሰው በእግሩ፣ በጋሪ፣ በጭነት መኪና ጎረፈ። እኛም ራሳችን ልንወጣ ነው እያልን ነበር፤ ግማሹ ሰው ሻንጣውን አሥሯል። በዚያ ጭንቀት መሃል በሰፈራችን ሰው ያላስገባ ግቢ ማግኘት ይከብድ ነበር። እኛ ቤት ከአጣዬ የመጡ ሰባት ነፍስ ሁለት ወር ተቀምጠዋል። እናቴ ያላትን ባና ሁሉ ለእነሱ አልብሳ እሷ በጋቢ ነው ያደረችው። ይህን የምጽፈው ቤተሰቤን ለማመስገን አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያደረገውን ነው ያደረግነው። ጸሐፊው ቀዝቃዛ ያሉት ይህንን ሕዝብ ነው።

መልክ የላትም ለሚለውም እግረ መንገዴን ልመልስ። ገበያው ውስጥ ግማሽ ቀን መቆም ይበቃል። የመንዝ በግ ነጋዴ፣ ከጫጫ ማዶ የመጣ ኦሮሞ ገበሬ፣ ከአንኮበር ሥር የወጣ አርጎባ ሸማኔ እዚያው ይገናኛሉ። ይህ መገናኘት ከቢራ ፋብሪካው በፊት የነበረ፣ ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው።

የቀረው አሮጌው ሰፈር ይነሣ የሚለው ምክር ነው። ጭቃ ቤት ይወደድልኝ አልልም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃ የሌለው ቤት ውስጥ አድጌያለሁ፤ ማንም እንዲኖርበት አልፈልግም። ቤቱ ይታደስ፣ መንገዱ ይሠራ፣ ውሃ ይግባ። ነገር ግን «ይነሣ» ሲባል የሚነሣው ጭቃው ብቻ አይደለም። እዚያ ያሉት አረቄ አውጥተው ልጅ ያስተማሩ እናቶች ናቸው። እዚያ ያለው የተማሪው ርካሽ ኪራይ ነው። እዚያ ያለው የአምሳ ዓመት ዕድር ነው። እነዚህን ከከተማ ዳር ወስደው ቢያሰፍሯቸው ማን ገበያቸውን ይከተላል? የፋብሪካ ሠራተኞቹስ በዚያ ደመወዝ የት ይከራያሉ? ጽሑፉ ይህን አይጠይቅም።

ጸሐፊውን ብጋብዛቸው ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። በዚህ ጊዜ በሬሳ ወደሚባለው ወንዛችን ዳር እንሂድ። ልጅ ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምናጥብበት፣ የምንዋኝበት ወንዝ ነው። ዛሬ ከከተማውና ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ገብቶበት ውሃው ሽታ አለው፤ እናቶች ልብስ ይዘው አይወርዱበትም። ስለ አዲሱ ሀብት የሚጽፍ ሰው ወንዙንም ሊያይ ይገባል። ከዚያ ወጥተን ሥላሴ እንሳለማለን፤ ረፋድ ላይ ከሆነም ሽማግሌዎቹ አጠገብ እንቀመጣለን። ባና እኔ አመጣለሁ።